መጠጥ ለማቆምም መታወቂያ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ መጠጥ ያቆሙ ሰባት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚሰበሰቡበት ክፍል እንዲፈቀድላቸው ሰሞኑን አንድ ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ነበር። «የአባላቱን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ አምጡ» ተባሉ። ኃላፊው በዚህ አልበቃቸውም፤ «ለመሆኑ ሰካራም ሰካራምን ምን ብሎ ይመክራል? ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ነው የሚገቡት» ሲሉ አከሉበት። ከሰባቱ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ጥቅሱ የተነገረው ስለማያዩ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ገደሉን አይተውታል፤ ገብተውበታል፤ የወጡበትንም መንገድ ያውቁታል። ጉም የሸፈነውን ጣርማ በር ሊያልፍ የተነሣ ሾፌር ምክር የሚጠይቀው ዳገቱን ሲመላለስበት የኖረውን ባልደረባውን ነው። የእነዚህ ሰባት ሰዎች ዓይነቱ ስብሰባ፣ ጠጪዎች ማንነታቸውን ሳይገልጡ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱበት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሲጀመር መሥራቾቹ ሁለት ጠጪዎች ነበሩ፤ አንደኛው የአክሲዮን ነጋዴ፣ ሁለተኛው የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ሐኪሙ የተማረው ሁሉ ከመጠጥ አላወጣውም። እንደ እርሱ የወደቀ ሰው መጥቶ ያሳለፈውን ሲነግረው ነው መቆም የቻለው። በአገራችንስ ኤች አይ ቪ በደማቸው መኖሩን በአደባባይ ተናግረው ሕዝብ ያስተማሩት እነማን ነበሩ? ያን ጊዜ «ሕመምተኛ ሕመምተኛን ምን ያስተምራል?» ያለ ሰው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ቀብረን ነበር!

ወንድሜ ጠዋት የመጀመሪያዋን መለኪያ አረቄ በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ግማሹ ጋቢው ላይ ይፈስበት ነበር። ሁለት ጊዜ በታቦት ምሏል። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ ተጠምቋል፤ ፊቱ በርቶ፣ እህል መብላት ጀምሮ ተመልሷል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሰው ከጠበል የሚመለሰው ወደ ሰፈሩ ነው፤ ሰፈሩ ደግሞ ጠላውን ጠምቆ ይጠብቀዋል። በጎረቤት የማኅበር ድግስ ላይ «አንድ ጣሳ ምን ያደርግሃል?» አሉት። የሰነበተው እስከዚያው ነበር።

በኋላ ሐኪም ቤት ተኛ። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ራሱን የሚያስት፣ ሕይወቱንም የሚያሰጋ መንፈራገጥ ሊይዘው ስለሚችል ሐኪም ያስፈልገዋል። ሊወጣ ሲል አንዲት ነርስ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ አዲስ አበባ ስላለ አንድ እንዲህ ያለ ስብሰባ ጻፈችለት። ቦታና ሰዓት፣ ሌላ ምንም። በግድግዳው ላይ ስለ ወባና ስለ ክትባት ተለጥፏል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንዲት መስመር አልነበረችም። ያቺ ነርስ ያን ቀን ሥራ ባትገባ ኖሮ ወንድሜ ወዴት ይሄድ ነበር?

ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት በውርጭ እየወጣ 130 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ። ስሙን የጠየቀው የለም፤ ሻይ ቀዱለት።

የስም ዝርዝሩ ነገር የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። በእኛ ከተማ የዕድሩ ዳኛ የአለቃህ አጎት ነው፤ መዝገብ ያዢዋ የሚስትህ የክርስትና እናት ናት። ፊርማህ ማክሰኞ ቢሮ ቢገባ ሐሙስ ገበያ ላይ ይወራል። ሥራው ላይ ያለ አስተማሪ፣ ትዳሯ የሚያሰጋት ሴት፣ መንጃ ፈቃዱን የሚሳሳለት ሾፌር እንዴት ብለው ይፈርማሉ? ወደ እነዚህ ስብሰባዎች ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ መዋጮም ግዴታ አይደለም። ስም አለመጠየቁ የስብሰባው ደጃፍ ነው፤ እርሱን ከዘጋችሁት ውስጡ ባዶ አዳራሽ ነው። ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለመሆኑ አረቄ ቤት ደጃፍ ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ ያየ ማን ነው? ለሚጠጣው ያልተጠየቀው መታወቂያ ለሚያቆመው ይጠየቃል!

ደግሞም እኛ የሸዋ ሰዎች ለማኅበር እንግዳ አይደለንም። ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ ደቦው፣ ጽዋው፤ ሐዘንም ደስታም የምንሸከመው ተሰብስበን ነው። መጠጡንም የለመድነው ተሰብስበን ነው፤ ጣሳው ሲዞር፣ ጎረቤት «በሞቴ» ሲል። ታዲያ ሲያቆም ብቻውን ይቻለው የሚባለው በምን ፍርድ ነው? እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰዎችን በሥርዓት ወደ እነዚህ ስብሰባዎች የሚያስገባው ሕክምና ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደሚበልጥ አረጋግጧል። ለሁሉም አይሠራም የሚል ካለ፣ እሺ፣ ለሁሉም አይሠራም። ለሁሉም የሚሠራ መድኃኒት ካለው ያምጣው።

ዳሽንና ሐበሻ ቢራ ፋብሪካ የተከሉባት ከተማ አንድ ክፍል አጣሁ ስትል አልሰማትም። የምንጠይቀው የአንድ ክፍል ቁልፍ፣ ደርዘን ወንበርና በሐኪም ቤቱ በር ላይ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት አንድ ወረቀት ነው።

ለጊዜው የሚሰበሰቡት አንዲት እናት ቡና በምትሸጥበት ቤት ጓዳ ነው። ባለፈው እሑድ ስምንተኛ ሰው መጣ። መቀመጫ ስላልነበረ ወንድሜ በርጩማውን ለቀቀለትና ቆሞ አዳመጠ። ሰውየው ማን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።