ትንፋሹን ፈትሹ፣ ሻንጣውን ተዉት

ጠጥቶ የሚነዳ ሾፌርን መንገድ ላይ እያስቆሙ በመሣሪያ መመርመር ጎንደር ላይም መደበኛ ሥራ ይሁን ሲባል ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «እስከ ዛሬስ ምን ይጠበቅ ነበር?» ይላል። ሌላው፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውለው፣ «ደግሞ ሌላ ኬላ?» ይላል። እኔ ምርመራው ይጀመር ባይ ነኝ። የሁለተኛውን ሰው ጥያቄ የሰካራም ሰበብ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ግን ያናድደኛል።

ጎንደር ላይ «ቁም!» መባል ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንም መፈተሽንም ፈቅዶ ነበር። የአዋጁ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በሰው ሆድ ውስጥ የቀረው ፍርሃት ግን አላለፈም። መንገድ ዳር አንድ እጅ ከፍ ሲል ሾፌሩ የሚያስበው ስለ መንጃ ፈቃዱ ብቻ አይደለም። ስልኬን ያዩት ይሆን? ከተሳፋሪው ማንን ያወርዱብኝ ይሆን? ስንት ሰዓት ያቆሙኝ ይሆን? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያስባል። በዚህ ላይ ሌላ የማስቆሚያ ምክንያት እንጨምር የሚል ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ በደንብ ማስረዳት አለበት።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስመጣ ያየሁት አይረሳኝም። ምሳ ለመብላት ቆምን። ሾፌሩ ከጥብሱ ጋር አረቄ አስቀዳ። አንድ መለኪያ ጨለጠ፤ ሌላ ደገመ። ስንነሳ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ቀስ እያልክ እንጂ» አሉት። «አይዞዎት እማማ፣ ለምጄዋለሁ» አላቸው። ትንሽ እንደሄድን ኬላ ደረስን። ሁላችንም ወረድን። መታወቂያ ታየ፣ ሻንጣ ተከፈተ። የእማማ ዘንቢል ውስጥ የነበረው በርበሬ ሳይቀር በእጅ ተገለበጠ። ሾፌሩ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል፤ አጠገቡ ያለፈ ሁሉ ሽታውን ይሰማል። እሱን ያናገረው ሰው የለም። ሁላችንም ተፈትሸን፣ ሊገድለን የሚችለው አንዱ ሰው ሳይፈተሽ አለፈ።

የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። የመጠጥ ምርመራ ይኑር። ግን የመጠጥ ምርመራ ብቻ ይሁን። ትንፋሽ ለመለካት ያስቆመ ሰው ሻንጣ አይክፈት፣ ስልክ አይቀበል፣ «የት ነበርክ፣ ወዴት ነህ?» አይበል።

ይህ ክርክር በሌላ አገርም ተካሂዷል። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ፖሊስ አንድ ሌሊት ለአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ ይዞ 126 መኪና አስቆመ። እያንዳንዱ መኪና በአማካይ የቆመው 25 ሰከንድ ነው። የተያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሾፌሮች «ምንም ሳንጠረጠር ለምን እንቆማለን?» ብለው በዋዜማው ክስ አቅርበው ነበር። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1990 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ለፖሊስ ፈረደ። ማቆሙ አጭር ነው፣ ሁሉንም እኩል ይነካል፣ ሰክሮ መንዳት የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ከባድ ነው አለ። ይሁንና የሚሺጋን የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሦስት ዓመት በኋላ የግዛቱን ሕገ መንግሥት ጠቅሶ ከለከለው። በአንድ አገር ውስጥ እንኳን ሁለት መልስ አለ ማለት ነው።

ከዚህም ይበልጥ የሚገርመኝ የሌላዋ የአሜሪካ ከተማ፣ የኢንዲያናፖሊስ ጉዳይ ነው። እዚያ ፖሊስ መኪና የሚያስቆመው አደንዛዥ ዕፅ ለመፈለግ ነበር፤ በውሻ ጭምር። 1,161 መኪና አስቁሞ 104 ሰው ያዘ። ከመቶ ዘጠኝ ያህል ነው። ሚሺጋን ላይ ከመቶ ሁለት እንኳን አልሞላም። በ2000 እ.ኤ.አ. ያው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንን፣ ብዙ ሰው የያዘውን፣ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ፍርድ ቤቱ የተያዘውን ሰው ብዛት አልነበረም የመዘነው። መንገድ ላይ ያለን አደጋ ለመከላከል ማስቆም አንድ ነገር ነው፤ «እስቲ ወንጀል እንፈልግ» ብሎ ያገኙትን ሁሉ ማስቆም ሌላ ነው። ጎንደር ላይ መሰመር ያለበት መስመር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ ሕግ ስንመጣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ማንም ሰው ሰውነቱና ንብረቱ ከመፈተሽ የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። ጤናን መጠበቅ፣ ወንጀልን መከላከልና የሌሎችን መብት ማስከበር ለዚህ ከተፈቀዱት ዓላማዎች መካከል ናቸው። ስለዚህ «ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል» የሚለው ክርክር ሩቅ አያስኬድም። ግን «ዝርዝር ሕግ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አለቃ በስልክ የሰጠው ትእዛዝ ዝርዝር ሕግ አይባልም። በዚያ ማታ ተረኛ የሆነው ፖሊስ የመሰለውም አይባልም።

የሾፌሩን መብት የሚከራከሩልኝ ወዳጆቼ የሚዘነጉት ሰውም አለ። እግረኛው። ሌሊት የሆስፒታል ተረኝነቷን ጨርሳ አዘዞ የምትገባ ነርስ። ባጃጅ ውስጥ ኋላ የተቀመጠ ተማሪ። እነሱም የመንቀሳቀስ መብት አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 በመንገድ አደጋ 27,326 ሰው እንደሞተ ገምቷል። በይፋ ተመዝግቦ የቀረበው 4,352 ነበር። ከእነዚህ ስንቱን መጠጥ ገደለው? መመርመሪያ በሌለበት መንገድ ይህን የሚቆጥር የለም። «ከፍጥነት በላይ ሲነዳ» ተብሎ ይጻፋል፤ ያለቀው አረቄ አይጻፍም።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በመጠጥ ራሱን ስቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጥሩ ነው። ግን ይህ ሕግ የሚናገረው ከቀብር በኋላ ነው። ከቀብር በፊት የሚሠራው መንገድ ላይ ያለው ምርመራ ነው። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ በታኅሣሥ 1982 እ.ኤ.አ. ማንኛውንም ሾፌር አስቁማ መመርመር ስትጀምር የሞት ቁጥሩ በግልጽ ወረደ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም እንዲህ ያለ ምርመራ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ አደጋን 20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። የሚቀንሰውም ብዙ ሰው ስለሚያዝ አይደለም። ሾፌሩ ከቤቱ ሲወጣ «ዛሬ ሊያስቆሙኝ ይችላሉ» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ስለዚህ ምርመራው እንዳለ አስቀድሞ በሬዲዮ ይነገር። መደበቅ አያስፈልግም።

በእኛ ከተማ ደግሞ መቼ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል። ጥር ሲመጣ ሠርግ በሠርግ ነው። ሚዜዎች በመስኮት ወጥተው ይጨፍራሉ፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ አጃቢው መኪና ፒያሳን ይዞራል። ድግሱ ላይ ደግሞ ሾፌሩን መዝለል ነውር ነው፤ «ለሱም ቅዱለት እንጂ!» ይባላል። በደግነት ነው የሚሰጠው። ከዚያ ጥር 11 ጥምቀት አለ። የከተማው ሕዝብ ሁሉ እንግዳውን ይዞ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድና ሲወጣ መንገዱ ሰው በሰው ነው። በእንዲህ ያለ ቀን አንድ ሞቅ ያለው የባጃጅ ሾፌር ምን እንደሚያደርስ ማሰብ ያስፈራል።

የመጠጡም ነገር አለ። ቢራ ጠርሙሱ ላይ መጠኑ ተጽፏል። ጠላ ግን እንደ ጠማቂዋ ነው። አንዱ ቤት ያለው ቀጭን ነው፣ ሌላው ቤት ያለው ጉሽ በሁለት ጣሳ ይጥላል። ዳግም አረቄማ አይነሳ። «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁ» የሚለው ሾፌር ላይዋሽ ይችላል፤ ምን ያህል አልኮል እንደጠጣ ግን ራሱም አያውቅም። ቡናም አያድነውም። ሰውነት አልኮልን የሚያስወጣው በራሱ ሰዓት ነው፣ ቀስ እያለ። ለዚህ ነው ከፖሊሱ አፍንጫም ከሾፌሩ መሐላም ይልቅ መሣሪያውን የማምነው።

መሣሪያውንም ቢሆን በጭፍን አይደለም። ሾፌሩ የአረቄ መለኪያውን ገና ካስቀመጠ አፍ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቆ ሁለተኛ መለካት ግድ ነው። የሚነፋበት ቱቦ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይሁን፤ ማሸጊያው ፊት ለፊቱ ተቀድዶ ይውጣ። መሣሪያው በየጊዜው ልኩ ይረጋገጥ፣ የተረጋገጠበትም ቀን ለጠየቀ ይታይ። ቁጥሩን ሾፌሩ በዓይኑ ይየው። ካልተስማማ ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙን የማስመርመር ምርጫ ይኑረው። ምርጫው ግን የሱ ይሁን። አሜሪካ ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠጥቶ በመንዳት የተያዘን ሰው ትንፋሽ ያለ ትእዛዝ መለካት ይቻላል፣ ደም ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ትንፋሽ ምንም አይወስድብህም። መርፌ ሥጋህ ውስጥ ይገባል።

ሾፌሮች ሌላም የሚሉት አለ። ቀስ ብለው፣ ዞር ዞር ብለው አይተው ነው የሚሉት። «መሣሪያው ሰበብ ይሆንና መደራደሪያ ይሆናል።» ይህን ስጋት የሚመልሰው ስብከት አይደለም፤ ወረቀት ነው። ቦታውንና ሰዓቱን መንገድ ላይ የቆመው ፖሊስ አይምረጥ፤ አለቃው በጽሑፍ ይወስን። ማን እንደሚቆምም አስቀድሞ ይታወቅ፣ ሁሉም ወይም እያንዳንዱ አምስተኛ መኪና። እንዲያ ከሆነ ፊቱ ያላማረውን መርጦ ማስቆም ያበቃል። የተለካው ሁሉ፣ ንጹሕ የሆነውም ጭምር፣ ቁጥርና ሰዓት ያለበት ደረሰኝ ይያዝ። በወሩ መጨረሻ ስንት ሰው ቆመ፣ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ተከሰሰ የሚለው ይለጠፍ። ክሱ ጥቂት ሆኖ የቆመው ብዙ ከሆነ ያኔ እንከራከራለን፤ ቁጥር ይዘን።

የመጨረሻው ነገር ሾፌሮቹን ሳዋራ በጣም የሚያንገበግባቸው ነው። ባጃጅ ይቆማል፣ ሚኒባስ ይቆማል፣ አይሱዙ ይቆማል። መስታወቱ የጠቆረ ኮድ 4፣ የመንግሥት መኪና፣ ግን ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋል። ማታ ሆቴል በር ላይ የሚደረደረውን መኪና ያየ ሰው እዚያም ውስጥ መጠጥ እንዳለ ያውቃል። ምርመራው ጎንደር ላይ ሲጀመር መጀመሪያ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ቱቦውን የሚነፋው የኮድ 4 ሾፌር ይሁን። ኋላ የተቀመጠው ኃላፊም 25 ሰከንድ ይጠብቅ። ያን ቀን «ደግሞ ሌላ ኬላ?» የሚለኝን ወዳጄን ፊት ለፊት አይቼ «አዎ፣ ይህኛው ኬላስ ይኑር» ለማለት አላፍርም።