ማስተካከያ፦ የብርሃን ፍጥነት «የትም ቦታ» አንድ አይደለም

ባለፈው ስለ ብርሃን በወጣው ጽሑፍ «የብርሃን ፍጥነት የትም ቦታ፣ ለማንም አንድ ነው» ተብሏል። መታረም ያለበት «የትም ቦታ» የሚለው ነው።

በሰከንድ 299,792,458 ሜትር የሚባለው ብርሃን በባዶ ቦታ ሲጓዝ ያለው ፍጥነት ነው። ውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ኢንተርኔት በሚያመላልሰው ፋይበር (ቀጭን የመስታወት ክር) ውስጥ ደግሞ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲያውም ውሃ ውስጥ ኤሌክትሮን ብርሃንን ሊቀድመው ይችላል። በኒውክሌር ማብላያ ገንዳዎች የሚታየው ያ ደስ የሚል ሰማያዊ ፍካት ከዚህ የሚመጣ ነው።

«ለማንም» የሚለውስ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚለቀው ወይም የሚለካው ቢንቀሳቀስም ፍጥነቱ አንድ ነው የሚለውስ? እሱ ይቆማል፤ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ከሚሮጥ መኪና ላይ ድንጋይ ብንወረውር የመኪናው ፍጥነት ይደመርበታል። ብርሃን ላይስ ለምን አይደመርም? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ በቀጥታ ተፈትሿል። ፓዮን የሚባሉ ቅንጣቶች በብርሃን ፍጥነት 99.975 በመቶ እየበረሩ ወደፊት የለቀቁት ጋማ ጨረር (ዓይን የማያየው የብርሃን ዓይነት) ፍጥነት ተለካ። ድምር ቢሠራ ኖሮ ፍጥነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም ነበር። የተገኘው ግን ያው የተለመደው ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ይጨመር። «ለማንም አንድ ነው» የሚለው ሕግ በቀጥታ የሚሠራው ፍጥነታቸውን ሳይቀያይሩ ቀጥ ብለው ለሚጓዙ ተመልካቾች ነው። ስበት ሲገባበት ነገሩ ይወሳሰባል። በፀሐይ አጠገብ የሚያልፍ የራዳር ሞገድ (እሱም እንደ ብርሃን የሚጓዝ ነው) ከምድር ሆነን ስንለካው ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። እዚያው ፀሐይ አጠገብ ሆኖ የሚለካ ቢኖር ግን የሚያገኘው ያንኑ 299,792,458 ነው።