የጎንደር ፀሐይ ግድግዳ አትወድም

በሕንፃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሶላር ከፀሐይ ጋር እንዲዞር ከተደረገ ቆሞ ከሚቀረው እስከ 50 በመቶ የበለጠ ኃይል ያመነጫል የሚለው ቁጥር ጎንደር ላይ ሕንፃ ለሚያስነሣ ሰው ጆሮ ይጥማል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። የዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት ነው፤ በአየር ግፊት በሚታጠፉ የጎማ ክንዶች የሚንቀሳቀሱ ስስ ፓነሎችን ሞክረው ያገኙት። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የምን 50 በመቶ?

ዙሪክ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 47 ዲግሪ ላይ ናት፤ ጎንደር 12.6 ላይ። መጋቢት 12 ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ የጎንደር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 77 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ያን ጊዜ ወደ ደቡብ የዞረ ቀጥ ያለ ግድግዳ ከቀጥተኛው ጨረር የሚደርሰው 22 በመቶ ብቻ ነው። የዙሪክ ግድግዳ በዚያው ቀን 74 በመቶ ያገኛል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስታዘነብል የእኛው ወደ 59 ይወጣል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ በሰሜን በኩል ስለምትቆም የደቡቡ ግድግዳ ድርሻ ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ እዚህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፓነል መነሻው እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ በማንኛውም መንገድ ቢንቀሳቀስ ተአምር የሠራ ይመስላል። 50 ቀርቶ 100 በመቶ ብልጫ ቢታይ አይገርመኝም። ትክክለኛው ተፎካካሪ ግን የተለጠፈው ፓነል አይደለም። ያው ፓነል ከመስኮቱ በላይ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ከአግድሙ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ አዘቅዝቆ ቢታሰር እኩለ ቀን ላይ በመጋቢት 95፣ በታኅሣሥ 99፣ በሰኔም 76 በመቶውን ጨረር ይቀበላል። ሞተር የለውም፣ የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም የለም። መስኮቱንም ጥላ ያለብሰዋል።

ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የሚዞረው ይበልጣል፤ አልክድም። ሜዳ ላይ በተተከሉ ትላልቅ ጣቢያዎች በአንድ ዘንግ የሚዞሩ ፓነሎች ከቆሙት ከ15 እስከ 25 በመቶ ብልጫ ማምጣታቸው የተለመደ ነው። ግን እዚያ በረድፍና በረድፍ መካከል ሰፊ ቦታ ይተዋል። ግድግዳ ላይ ያ ቦታ ስለሌለ አንዱ ሲዞር ሌላውን ይጋርዳል፤ በተከታታይ ከተገናኙት ሴሎች (ፓነሉ የተሠራባቸው ኃይል አመንጪ ቁርጥራጮች) ጥቂቶቹ ሲጋረዱ ደግሞ የሌሎቹም ጉልበት አብሮ ይወርዳል። የእኔም መፍትሔ ከዚህ ነፃ አይደለም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ስትሆን ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት በላይ የወጣው ፓነል የሁለተኛውን ፎቅ ፓነል ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በየፎቁ ከመደርደር የላይኛውን ፎቅ ብቻ መያዝ ሊያዋጣ ይችላል፤ ይህን የሚለየው የጥላ ስሌት ነው።

ክረምቱን ደግሞ አንርሳ። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲደፈን ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ተበትኖ ስለሚመጣ የሚከተሉት ፀሐይ የለም፤ ሞተሩ ቢዞርም ትርፉ ኢምንት ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ከሰማዩ የሚያየው ግማሹን ብቻ ሲሆን ጠፍጣፋ ጣሪያ ሙሉውን ያያል።

የዙሪኩ ውጤት ሌላም ጉልበት አለው፦ ፓነሎቹ ክፍሉን በሙቀት ወራት ከፀሐይ ይከልላሉ፣ በብርድ ወራት ፀሐይ ያስገባሉ፤ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪ ይቀንሳል። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር አብዛኛው ሕንፃ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የለውም። ያልወጣ ወጪ አይቀነስም። ደጋነቱ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ የሲሊከን ፓነል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ የእኛ አየር ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከኋላው ነፋስ የማያገኝ ፓነል ይህን ጥቅም ራሱ ያባክነዋል።

ስለ ጥገናው ብዙ አልልም። ከውጭ በዶላር የሚመጣ ሞተር አምስተኛ ፎቅ ላይ አቧራ ጠጥቶ ሲቆም ማን መሰላል ይዞ እንደሚወጣ የሕንፃ ባለቤቶች ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ዙሪያና በጣሊያን ዘመን የተሠሩት የፒያሳ ሕንፃዎች ፊት ደግሞ ከነጭራሹ የዚህ ክርክር አካል መሆን የለባቸውም።

በቅድሚያ ጣሪያው ይሙላ። ከዚያ የተረፈ ፍላጎት ካለ ወደ ግድግዳው እንምጣ፤ ስሌቱንም እዚሁ እንሥራው። የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል በነፃ የሚያቀርበው ፒቪጂስ (PVGIS) የተባለ የሶላር ምርት ማስያ ድረ ገጽ አፍሪካን ይሸፍናል፣ የቆመውንም የሚዞረውንም ያሰላል። ከፊት ለፊት ያለውን ባለስድስት ፎቅ ግን አያውቀውም፤ ያን ለክቶ ማስገባት ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። ባለቤቶች ደግሞ የሚዞር ሶላር የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት በወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ እኩል ስፋት ያለው፣ አዘቅዝቆ የታሰረ ቋሚ ፓነል በዓመት የሚሰጠው ኪሎዋት ሰዓትና የጎረቤት ሕንፃ ጥላ የሚቀንሰው መጠን። ሁለቱ ከሌሉበት አይፈርሙ።