ዝናቡን አትውቀሱ፤ ማገዶአችሁን አድርቁ

የጎጃም ወገኖቼ፣ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ዝናቡን ትወቅሳላችሁ። «ዘንድሮስ እንጨቱ ሁሉ ራሰ፤ ከሰሉም አልነድ አለ» ትላላችሁ። ዝናቡ ግን ወሩን ጠብቆ ነው የመጣው። ባሕር ዳር ላይ በዓመት ከሚወርደው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚዘንብ፣ እንጅባራና ዳንግላም ግንቦት ሳያልቅ ጭቃ እንደሚሆኑ አባቶቻችሁም ያውቁት ነበር። የዘር ጊዜ የማይስት፣ ለጤፉ ጎተራ የሚያበጅ ሰው ማገዶውን ግን ከጓሮ ጥሎ ከጭቃ ጋር ያከርመዋል። ይህ ቸልታ ነው፤ ቸልታም ስለሆነ ሊነገረን ይገባል።

የቸልታውን ዕዳ የምትከፍለው ምጣድ ፊት የምትቀመጠዋ ናት። ዓይኗ ቀልቶ፣ ደረቷ ታፍኖ፣ አንድ እንጀራ ለማውጣት ሦስት ጊዜ እፍ ትላለች። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅም ያንኑ ጭስ ይተነፍሳል፤ የማገዶ ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ደጅ ቁጭ ብላችሁ «ምነው እንጀራው ዘገየ» የምትሉ ወንዶች፣ ነገሩ ከሁሉ በፊት የሚመለከተው እናንተን ነው። ምሳሩ በእጃችሁ ነውና።

እርጥብ እንጨት ለምን እንደሚጨስ ልናገር፤ ብዙ ሰው «እሳት ካየው ምን ለየው» ብሎ ያልፈዋል። አሁን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ ፍልጥ የገዛ ሰው 5 ኪሎ ያህል ውኃ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። እሳቱ እንጨቱን ከማንደዱ በፊት ያን ውኃ አፍልቶ ማትነን አለበት። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ደግሞ ያ የእንጨቱ ክፍል ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም አያልፍም፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ይህ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጨት በነበልባል የሚነደው ሲሞቅ የሚያወጣው ጋዝ በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ሲቀጣጠል ነው። እሳቱ ከቀዘቀዘ ጋዙ ሳይነድ ያመልጣል፤ ጭስ የምትሉት እርሱን ነው። ጣሪያችሁ ላይ የተለጠፈው ጥላሸት ሙቀት ሊሆናችሁ ይገባ የነበረ፣ ገንዘብ የከፈላችሁበት ማገዶ ነው።

እንግዲህ ከመስቀል በኋላ፣ ቢዘገይ እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ቁረጡ። በቆረጣችሁበት ሳምንትም ፍለጡ። «ይድረቅና እፈልጠዋለሁ» የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በምሳርና በሽብልቅ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ሲደርቅ ግን ጠንክሮ ምሳሩን ይመልሳል። ቅርፊቱ ያልተነካ ግንድም ውኃውን አይለቅም፤ ቅርፊት ዛፉ ቆሞ ሳለ ውኃ እንዳያመልጥ የሚጠብቅ ልብስ ነው፤ ከተቆረጠም በኋላ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ክብ ግንድ ክረምት ከበጋ ጓሮ ውሎ ሲፈለጥ ውስጡ እርጥብ የሚሆነው ለዚህ ነው። ውኃ ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠው ጫፍ በኩል በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል፤ ስለዚህ አሳጥራችሁ ጉመዱ። አንድ ክንድ፣ ማለት ግማሽ ሜትር ገደማ ይበቃል። ውፍረቱ ለምጣድ ከሦስት አራት ጣት አይለፍ። ወፍራሙ ጉማጅ እሳት ለማቆየት ይሆናል፤ እርሱን ለብቻው ደርድሩትና ለሚመጣው ዓመት አስቡት።

መድረቁን በግምት አትመኑ። ሦስት ፍልጥ ምረጡ፣ በከሰል ምልክት አድርጉባቸው፣ ከክምሩ መካከል አስገቡና በየሁለት ሳምንቱ መዝኑ። እርጥብ ሳለ 2 ኪሎ የነበረ ፍልጥ 1.2 ኪሎ አካባቢ ሲደርስና በተከታታይ ሁለት ጊዜ ተመዝኖ ሳይቀንስ ሲቀር ደርቋል። ሚዛን የሌለው ሁለት ፍልጥ ያጋጭ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ እርጥቡ ድም ብሎ ይቀራል። ጫፉ እንደ ፀሐይ ጨረር ተሰንጥቆ፣ ቅርፊቱ በጥፍር ሲነካ ከለቀቀ ጥሩ ነው። እሳት ውስጥ ገብቶ በጫፉ አረፋ የሚደፍቅ እንጨት ግን ገና ነው፤ መልሱት።

አሁን ወደ ድርድሩ እንምጣ፤ ጥፋቱ የሚበዛው እዚህ ነው። እንጨት መሬት አይንካ። ድንጋይ ወይም ጉቶ በየክንዱ አኑሩ፣ በላዩ ሁለት አጠና አጋድሙ፣ ርብራቡ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ቆላ ላለው፣ ምስጥ ለበዛበት፣ ሁለት ስንዝር ይሁን። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት የታችኛውን ረድፍ ያሻግተዋል፤ ምስጥም መንገዱን በጭቃ እየሸፈነ የሚወጣው ከዚያው ነው። በየሳምንቱ የድንጋዮቹን እግር እዩ፤ የጭቃ ቱቦ ካያችሁ አፍርሱት። ርብራቡ ከፍ ያለ ከሆነ ቱቦው በግልጽ ይታያል፤ ከፍታው የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው።

ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁ። ክምሩን ከግድግዳ አጣብቆ መደርደር ነፋሱን ይዘጋል፤ የጭቃውን ልስን ያርሳል፤ ለእባብና ለአይጥም ቤት ይሠራል። ከፍታው ከደረታችሁ አይለፍ፤ ረጅም ድርድር ሲደርቅ ይሸሽና ይናዳል፣ ከሥሩ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ። ጫፍና ጫፉን አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ሌላውን በአግድም አመሳቅሉት፤ ያኔ ካስማ ባይኖርም ይቆማል። የላይኛውን ረድፍ ቅርፊቱን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ጨርሱ።

ክዳኑን በተመለከተ አጥብቄ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ፦ እንጨትን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ዙሪያውን ድንጋይ አትጫኑበት። ዝናቡን የከለከላችሁት ይመስላችኋል። ከእንጨቱም ከመሬቱም የሚወጣው እንፋሎት ግን መውጫ አጥቶ ላስቲኩ ሥር ጠብታ ይሆንና መልሶ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ስትከፍቱት ነጭ ሻጋታ የለበሰ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ እንጨት ታገኛላችሁ። ላዩን ብቻ ክደኑ፤ ጎኑን ለነፋስ ተዉት። ቆርቆሮም ይሁን ሸራ ወይም ሣር፣ ክዳኑ ወደ አንድ ወገን ያዘንብል፤ ከክምሩም በየጎኑ ግማሽ ክንድ ይውጣ። ወጨፎ የሚመታበትን ወገን እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ ያውቀዋል። በዚያ በኩል ብቻ ሳሳ ያለ የቀርከሃ አጥር አቁሙ፤ በአዊ ያላችሁ ቀርከሃው ከደጃችሁ ነው። ክምሩ ከቤቱ ጣሪያ ጠፈጠፍ ሥር እንዳይውል ተጠንቀቁ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት ነጥሮ የታችኛውን እንጨት ሲያርስ ይከርማል። በዙሪያው ትንሽ ቦይ ቅደዱ። ይህ ሁሉ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ይለቅ።

ከምድጃ በላይ ቆጥ ሠርታችሁ እንጨት የምታደርቁ ሰዎች፣ አባቶች ያደርጉት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሙቀቱም በእርግጥ ያደርቃል። ነገር ግን ከነበልባሉ ጫፍ እስከ ቆጡ ሁለት ክንድ የማይሞላ ከሆነ ከራሳችሁ በላይ ችቦ እያዘጋጃችሁ ነው። ቀን ከቀን የጋለ ደረቅ እንጨት ላይ አንድ ፍንጣሪ ቢያርፍ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ያለው የሣር ክዳን ነው። በሣር ቤት ይህን ቆጥ አፍርሱት።

ሐምሌ ደርሶ እንጨቱ ረጥቦ ለተገኘበት ሰው ደግሞ ይህን እላለሁ። የሦስት ቀን ማገዶ ለይታችሁ ወደ ማድቤት አስገቡ። የበለጠ አሳንሳችሁ ፍለጡት። ከምድጃው አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ አቁማችሁ አስደግፉት፤ በየጊዜው አዙሩት፤ ማታ እሳቱ ሳይዳፈን በፊት ከዚያ አንሱት። እሳቱን በደረቅ ጭራሮ አስነሱ፣ ፍም ሲሠራ ነው እርጥብነት ያለውን አንድ አንድ የምትጨምሩት። ፌስታልና የላስቲክ ጫማ አታንድዱ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ላምባ ወይም ቤንዚንማ ፍም ባለበት ምድጃ ላይ ፈጽሞ አትድፉ። ፈሳሹ ፍሙን እንደነካ ይተናል፤ የተነነውም በአንድ ጊዜ ተቀጣጥሎ ወደ ጆጉ ይመለሳል። ጆጉን የያዘው እጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የልጅ እጅ ነው።

ስለ ኩበት አጭር ነው። እበቱ ለማሳው ቢሆን ይሻላል፤ መሬታችሁ ይጠማዋል። የግድ ከሆነ ግን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ጥፈጥፉ፤ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል። ላዩ ሲጠነክር ገልብጡት፣ ከዚያም በጠርዙ አቁሙት። ሰብራችሁ እዩት፤ መካከሉ አረንጓዴ ከሆነና እጅን ካቀዘቀዘ አልደረቀም። ያልደረቀውን መከመር ከሁሉ የከፋ ነው፤ እርጥብ ጭድ ተከምሮ እንደሚግል ኩበትም ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ይሻግታል። ውጭ የሚከመረውን አናቱን ሾጠጥ አድርጋችሁ በእበት ለስኑት፤ ሥሩ ግን እንደ እንጨቱ ከመሬት ከፍ ይበል።

ከሰል ሌላ ጠባይ አለው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክላችሁ ከሰል የምታወጡ ወንድሞች፣ ከጉድጓዱ በወጣበት ዕለት ጆንያ አትሙሉ። አዲስ ከሰል አየር ሲያገኝ ኦክስጅን እየሳበ በራሱ ይሞቃል፤ በብዛት ተከምሮ፣ በተለይም ደቃቅ ከበዛበት፣ ማንም እሳት ሳይለኩስበት ሊነድ ይችላል። ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተዘርግቶ ይደር። ውኃ የተረጨበትም ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ፍም ሊይዝ ይችላል። የምትገዙ ሰዎችም ጆንያውን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ሞቅ ያለ ወይም የጭስ ሽታ ያለው ከሆነ ቤት አታስገቡ። የገዛችሁትን የመጀመሪያ ቀን ከቤትና ከሣር ራቅ አድርጋችሁ ደጅ አሳድሩት፤ ከዚያ በኋላ ርብራብ ላይ፣ ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። አልጋ ሥር የከሰል ማኖሪያ አይደለም።

ከሰል ከእንጨት ይልቅ ቶሎ ውኃ ይጠጣል፤ ደግነቱ ፀሐይ ሲያገኝ ቶሎ ይመልሳል። የረጠበውን አስጥታችሁ ካላደረቃችሁ ግን ውስጡ የገባው ውኃ ሲፈላ ከሰሉን እየሰነጠቀ ይፈነጥቃል፤ ዓይንም ይጎዳል፣ ምንጣፍም ያቃጥላል። ደቃቁን በወንፊት ለዩ፤ ማንደጃው ውስጥ ከገባ የአየሩን ቀዳዳ ይደፍናል።

«የእሳት ልጅ አመድ» ትላላችሁ፤ አመዱ ውስጥ ግን አባቱ ገና በሕይወት አለ። በአመድ የተቀበረ ፍም ሁለት ሦስት ቀን ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። አመድ ወደ ጆንያ፣ ወደ ካርቶን፣ ወደ ኩበቱ ክምር ጎን አትድፉ። ክዳን ባለው ብረት ጣሳ አጠራቅሙት፣ ውኃ አፍሱበትና በእንጨት አማስሉት፤ እንፋሎቱ ሲያቆም ነው የሚጣለው።

የመጨረሻው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ጮቄ ሥር ያላችሁ፣ እንጅባራ ያላችሁ፣ ብርዱ አጥንት ሲገባ ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ መኝታ ቤት ታስገባላችሁ፤ አራስ ለማሞቅ፣ ሕፃን ለማሞቅ። በርና መስኮቱን ትዘጋላችሁ። «አሁን አይጨስም፣ ፍም ብቻ ነው» ትላላችሁ። ገዳዩ ያ የማይጨሰው ፍም ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ከደም ጋርም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛ ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቀው ያልፋል። ማንደጃ ከሰው ጋር አይደር። ቤቱን ማሞቅ ካስፈለጋችሁ ነቅታችሁ ሳለ፣ በርና መስኮቱ ክፍት ሆኖ ይሁን፤ ከመተኛታችሁ በፊትም ፍሙን ከነማንደጃው አውጡት።

ሰው በከሰል ታፍኖ ካገኛችሁ በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡና ጎትታችሁ አውጡት። እሳቱን ለማጥፋት ብላችሁ ውስጥ አትቆዩ። በግራ ወይም በቀኝ ጎኑ አስተኙት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሎሚ አትጋቱ፤ መርዙን ከደም አያወጣም፣ ያንቀዋል እንጂ። ጠንቋይ ፍለጋ አትሂዱ፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነውና ያለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ድረስ በፍጥነት አድርሱት። በዚያው ክፍል ያደሩትን ሌሎችንም፣ ደህና ነን ቢሉ እንኳ፣ አብራችሁ ውሰዱ።