ምስጋና ለ777

ደግ ሰው ጠፋ ትላላችሁ። ፕሮግራመር ጓደኛ ስለሌላችሁ ነው።

ባለፈው ዓርብ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የቢሮአችን ልጅ «ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ማለትም ፈቃድ የለህም፣ የሚል ነገር መጣበት። ፕሮግራሙ የኮንፊግ ፋይሉን፣ ማለትም ቅንብሩ የተጻፈበትን ፋይል፣ ማንበብ አቅቶታል። ፋይሉ ውስጥ የዳታቤዙ ፓስወርድ አለ። ሌላው ቢሆን የፋይሉ ባለቤት ማነው፣ ፕሮግራሙስ በማን ስም ነው የሚሠራው ሲል ያመሻል። የእኛ ልጅ ማኪያቶውን ፉት አለና የፋይል ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ ችሞድ 777 ብሎ ኢንተር መታ። ወደ ቤት የሚወስደው የሠራተኛ ሰርቪስ እንኳ አላመለጠውም።

ለማያውቅ፦ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1፣ ሲደመር 7። አንዱ 7 ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ሰርቨሩ ላይ ለተገኘ አላፊ አግዳሚ። ያ አላፊ አግዳሚ ፓስወርዱን ከማየት አልፎ ደስ ካለው ይቀይረዋል። ሰርግ ቤት እንኳ የጥሪ ካርድ ይጠየቃል እኮ!

በነገራችን ላይ፣ ይኸው ልጅ ጠዋት ሲገባ በር ላይ ተፈትሾ፣ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር አስመዝግቦ ነው።

ንፉግ ፕሮግራሞችም አልጠፉም። ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ የሚያስገባው ኤስኤስኤች የግል ቁልፉ ለሌላ ሰው ክፍት ሆኖ ካገኘው ያኮርፋል፤ በዚህ ቁልፍ አልገባም ይላል። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ማንም ሊጽፍበት የሚችል ኮንፊግ ሲያይ እንዳላየ ያልፋል። ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስም የፓስወርድ ፋይሉን 600 አድርጉልኝ ባይ ነው። ባለቤቱ ብቻ! ምን ዓይነት ስስት ነው?

እኛም ቤት አንድ ስስታም ኮድ ነበር። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት የጻፈችው። ፋይሉን ይከፍታል፤ የዚያኑ የከፈተውን ፋይል ባለቤትና ፐርሚሽን ያያል፤ ለሌላ ሰው ክፍት ከሆነ አልነሳም ይላል። «ለምን ከመክፈትሽ በፊት አትፈትሺም?» ብላት፣ «በመሃል ሌላ ፋይል ቢተኩበትስ?» አለችኝ። ሰው እንዴት በዚህ ዕድሜው እንዲህ ተጠራጣሪ ይሆናል?

ደግነቱ ኮዱ ብዙ አልቆየም። አንድ ማታ ሲስተሙ አልነሳ ሲል አለቃችን መጣና ፍተሻውን ኮሜንት አደረገው፤ ማለትም ኮዱ ሳይጠፋ እንዳይሠራ አደረገው። ከላዩም «ለጊዜው» ብሎ ጻፈ።

ዘንድሮ ሁለት ዓመት ሞላው። ኬክ እንቁረጥለት ብያለሁ።