ኮካው ተጠጥቷል፣ የቀረው ቢሊዮኑ ነው

ሰው አርአያ ሲመርጥ እንደኛ ይምረጥ። ቅዳሜ ጠዋት ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዱ የሐበሻ ቡና ቤት ጎራ ብትሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ዋረን ቡፌት ታገኛላችሁ፤ አክሲዮን እየገዙ ቢሊየነር የሆኑትን አሜሪካዊ ማለቴ ነው። አንዱ ኡበር ይነዳል። አንዱ ሆስፒታል ሌሊት ይሠራል። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ጋሽ ዋረንን (ጠረጴዛችን ላይ ስማቸው ይሄ ነው) ለመምሰል ያልከፈልነው መሥዋዕትነት የለም። እሳቸው በ1958 በ31,500 ዶላር የገዙትን ቤት አልቀየሩም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ አደራ። እኛም ቤት አንቀይርም፤ ኪራይ ተወዷል። እሳቸው በቀን አምስት ኮካ ይጠጣሉ። ይህቺን አንዲት ስህተት ሳንሠራ ኮርጀናታል።

አክሲዮን አመራረጣችንማ ለብቻው ጥበብ ነው። የአሜሪካ ሕግ ትልልቅ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች የያዙትን አክሲዮን በየሩብ ዓመቱ እንዲያሳውቁ ያዛል። ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላም 45 ቀን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ጋሽ ዋረን ጃንዋሪ ላይ የገዙትን እኛ ሜይ አጋማሽ ላይ እንሰማለን። ለቅሶ አርባው ካለፈ በኋላ እንደ መድረስ ነው፤ ቢሆንም ደርሰናል። ወሬው ሲወጣ ዋጋው ይተኮሳል። ያኔ እንገዛለን። መምህራቸው ቤንጃሚን ግራሃም ያስተማሯቸው፣ አክሲዮን ከሚያወጣው በታች ሲሸጥ ግዛ የሚል ነበር። ትምህርቱን ትንሽ አሻሽለነዋል።

ሰውየው ያላቸው እኛ ግን የሌለን ነገር አለ የሚሉ ምቀኞች አሉ። ለምሳሌ መድን። ጋሽ ዋረን በ1967 እዚያው በሚኖሩበት ኦማሃ ከተማ ያለ ናሽናል ኢንደምኒቲ የሚባል መድን ድርጅት ገዙ። መድን ላይ ደንበኛው ዛሬ ይከፍላል፤ ካሳው የሚወጣው ነገ ወይም ከስንት ዓመት በኋላ ነው። መሀል ላይ ያለው ገንዘብ እሳቸው ጋ ይቀመጣል፣ ይሠሩበታል። ዛሬ ከ160 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ታዲያ ይሄ ምኑ ይደንቃል? ዕቁብ አይደል እንዴ! የኡበሩ ወዳጄ ዕቁብ ሲወጣለት በሙሉ አክሲዮን ገዛበት። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የጋሽ ዋረን ደንበኞች ገንዘባቸውን ለመጠየቅ መጀመሪያ መኪናቸው መጋጨት አለበት። የዕቁቡ ዳኛ ግን እሁድ እሁድ ይደውላል።

በ2008 ገበያው ሲናጥ ጎልድማን ሳክስ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ጨንቆት ከእሳቸው 5 ቢሊዮን ዶላር ወሰደ። በለውጡ በዓመት 10 በመቶ የሚከፍል ልዩ አክሲዮን ሰጣቸው፤ ወደፊት ተራውን አክሲዮን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብትም ምርቃት ተጨመረላቸው። እኛ ጋም ባንክ ይደውላል። የክሬዲት ካርዱ ቀን አልፏል ይለናል።

ትዕግሥታችን ግን ወደር የለውም። የእሳቸው ድርጅት የበርክሻየር አክሲዮን በዚያው ቀውስ ግማሹን ያህል ዋጋ ሲያጣ ሰውየው ቁጭ ብለው አሳለፉት። አክሲዮን መያዝ የምንወደው ለዘላለም ነው ብለዋልም። ወዳጄ ይህችን አባባል የስልኩ ስክሪን ላይ አድርጓታል። ሰኞ ገዛ። ሐሙስ ዋጋው ስምንት በመቶ ወረደ። ከኤርፖርት ደንበኛ እየጠበቀ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ ዘላለም ከሚለው ጽሑፍ ሥር ያለውን ቀዩን ቁጥር ሁለቴ አየና ሸጠ። አርብ ዋጋው ተመለሰ። ስለ አርብ ጠረጴዛው ላይ አናወራም።

ለተራው ሰው የተናገሩትም አለ፣ አልደብቅም። በ2013 ዓመታዊ ደብዳቤያቸው፣ ለሚስታቸው ከሚተዉት ገንዘብ 90 በመቶው ወጪው ዝቅተኛ በሆነ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ፈንድ (ሳይመርጥ የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የሚይዝ)፣ 10 በመቶው በአጭር ጊዜ የመንግሥት ቦንድ ይቀመጥ ብለዋል። የሀብታም ገንዘብ በውድ ክፍያ ከሚያንቀሳቅሱ የሄጅ ፈንድ ሰዎች ጋርም የአሥር ዓመት ውርርድ ገብተው በዚሁ ኢንዴክስ ፈንድ አሸንፈዋል። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ማኪያቶውን አስቀምጦ በሀዘን አየኝ።

«እሱ ለሚስታቸው ነዋ» አለኝ። «እኛ እኮ እሳቸውን ነን።»

በሜይ 2025 ጋሽ ዋረን ሥራ አስፈጻሚነቱን በዓመቱ መጨረሻ ለምክትላቸው ለግሬግ ኤብል እንደሚያስረክቡ ሲያስታውቁ ጠረጴዛችን ላይ ዝም ተባለ። የሆስፒታሉ ልጅ ነው ቀድሞ የነቃው።

«ቆይ፣ ሰውየው ምንድን ነው የሚጠጣው?»