ይድረስ ለክብርት ደቃቅ ፊደል፣ በየድረ ገጹ ላሉት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከዓይኔ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛ ፎቅ ነው። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። ሩቁን በማየት የሚስተካከለኝ የለም። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ታፔላ አነባለሁ። መዳፌ ላይ ያለውን ስልክ ግን አላነብም። እጄን እዘረጋለሁ፣ አሁንም እዘረጋለሁ፣ በመጨረሻ ክንዴ ያልቃል። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ይሄዳል አሉ። እሱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ጥፋትዎ ይህን እያወቁ መክሳትዎ ነው።

ባለፈው ምን እንዳደረጉኝ ላስታውስዎ። ስልኬ ላይ አንድ ገጽ ከፈትኩ። «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የቁርስ ዝግጅት፣ መግቢያ በነጻ» ይላል። ቁርስ በነጻ! በዚህ ኑሮ! ሻይ እንኳ ሳልቀምስ ወጣሁ። ተሰልፌ ቃሊቲ ደረስኩ፣ ከቃሊቲ ሌላ ታክሲ ይዤ መሃል ከተማ ገባሁ። ለካስ ዝግጅቱ የቅርስ ኖሯል። በእርስዎ መጠን የ«ቁ» እና የ«ቅ» ልዩነት የትንኝ እግር አታህልም። አስጎብኚዋ መጀመሪያ ያሳየችን ምን መሰልዎት? የድሮ መሶብ። ባዶውን።

ፈረንጅ ፊደሉ ቢደበዝዝበት እንኳ ገምቶ ያልፋል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚሸከመው በቀለበትና በቅጥያ ነው። ያቺ ቅጥያ ስትጠፋ ሰው ጦሙን ይውላል።

እጅ አልሰጠሁም። በሁለት ጣቴ ላሰፋዎ ሞከርኩ፣ ገጹ እምቢ አለ። የሠራው ሰው ማጉላትን ከልክሎታል። ሌላ ገጽ ላይ እሺ አሉኝ፣ ግን መስመሩ ከስክሪኑ ወጣ። አንዷን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ወዲያና ወዲህ ስል እንደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ መወርወሪያ ሆንኩ።

የጎረቤቴ ልጅ አዘነልኝ። ስምንተኛ ክፍል ነው። «ጋሼ፣ ኮንትሮልን ይዘህ ፕላስን ተጫን» አለኝ፣ ላፕቶፑ ላይ። የድረ ገጽ መክፈቻው የክሮም ማጉያ እስከ 500 በመቶ ይሄዳል። ሄድኩ። ማዶ ብሎክ ያለ ሰው በመስኮት እንዲያነብልኝ የፈለግሁ ይመስል ነበር። ኮንትሮልና ዜሮ ሲጫን ወደ 100 ተመለስን፣ ከዚያ 150 ላይ ታረቅን። ዕርቁ ግን ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ሌላ ድረ ገጽ ስከፍት እርስዎ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

ስለዚህ ልጁ ሴቲንግ ገብቶ የፊደሉን መጠን «በጣም ትልቅ» አደረገው። ልብ ይበሉ፣ «በጣም ትልቅ» የሚለውን ምርጫ የጻፉት በእርስዎ ነው! ስልኬም ላይ፣ ክሮም ውስጥ ተደራሽነት ከሚለው ሥር፣ ገጹ ቢከለክልም አጉላ የምትል ምርጫ አገኘልኝ። ያሰባትን ሰው ባገኘው ቡና ጠርቼ እመርቀው ነበር።

የድረ ገጽ መመሪያ የሚያወጡት ባለሙያዎች ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ ሲጎላ ምንም ሳይጎድልበት መነበብ አለበት ብለዋል። ምናልባት መመሪያው በእርስዎ ተጽፎ ይሆናል ያልተነበበው።

ስለዚያች ግራጫ ዘመድዎ፣ ነጭ ላይ እንደ አመድ ስለምትበተነው፣ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን ይመልሱልኝ። «50 በመቶ ቅናሽ» ሲባል ፊደሉ አውቶብስ ያህላል። ያኔ እርስዎን የት ወስደውዎት ነው? «ቅድመ ሁኔታዎች ተፈጻሚ ይሆናሉ» ሲባል ግን መጀመሪያ የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። እንዴት ነው ነገሩ?

ከአክብሮት ጋር።

ግልባጭ፦
ለመነጽሬ፣ የት እንዳስቀመጥኩሽ ለማየት አንቺው ስለምታስፈልጊኝ፣ ባለሽበት።